«አመነ» ሲባል፦ በግዳጅ የተገኘ ቃል በእስልምና ሕግና በዓለማዊ ሕግ

አንድ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «አዎን፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ካለ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን ቃሉ የወጣው ከኅሊና ነው ወይስ ከጅራፍ በታች? (ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ8ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበሩት ታላቁ ዳኛ አቡ ዩሱፍ፣ ለኸሊፋው ለሃሩን አል ረሺድ «ኪታብ አል ኸራጅ» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው ነበር። በዚሁ መጽሐፍ፣ ተጠርጣሪ ተደብድቦ ስርቆትን ቢያምን በዚያ ቃል ሊቀጣ እንደማይገባ ገለጹ። የተራበ፣ የተሸበረ ወይም የታሰረ ሰው በራሱ ላይ የሚናገረው አይታመንምና። ይሁን እንጂ በ14ኛው መቶ ዓመት ኢብን ቀይም አል ጀውዚያ የተባሉት ሊቅ፣ በክፉ ሥራ የታወቀ ተጠርጣሪ ቢመታ ይፈቀዳል ወደሚለው አሳብ አዘነበሉ።

አውሮፓም በዚህ ነገር አትመካም። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶቿ ማሠቃየትን የምርመራ ሥርዓት አድርገውት ነበር። በ1764 ኢጣሊያዊው ቤካሪያ፣ ሥቃይ ብርቱውን ወንጀለኛ ነጻ ያወጣል፤ ደካማውን ንጹሕ ሰው ግን ያስፈርድበታል ሲል ተቃወመ።

ማሠቃየት በሕግ ከተሻረ በኋላም ነገሩ አላበቃም። በ1934 በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት 3 ጥቁር ሰዎች አንድ ነጭ ባለ እርሻ ገድላችኋል ተብለው ተያዙ። እስኪያምኑ ድረስ ተገረፉ፤ አንደኛውም በገመድ ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በችሎት የገመዱ ምልክት ባንገቱ ላይ ይታይ ነበር፤ መገረፋቸውም አልተካደም። ያም ሆኖ ሞት ተፈረደባቸው። በ1936 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ፍርድ በአንድ ድምፅ ሻረው።

በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ነገር ግን የሕግ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ በሚሲሲፒ የፈረዱት ሰዎች የገመዱን ምልክት በዓይናቸው እያዩ ፈርደዋልና። እንግዲህ ነገ ዳኞች፣ ፖሊሶችና ምስክሮች የምንሆን እኛ ተማሪዎች፣ «አመነ» ሲባል በሰማን ጊዜ «እንዴት አመነ?» ብለን መጠየቅን ከዛሬ እንልመድ።