ሳሙራዮቹ ጠመንጃ አልነበራቸውም እንዴ?

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን «ዘ ላስት ሳሙራይ» ያየ ሰው የመጨረሻውን ውጊያ አይረሳውም። ጎራዴ የመዘዙ ፈረሰኞች ወደ መትረየስ ይጋልባሉ፤ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። በአንድ በኩል ክብር፣ በሌላ በኩል ባሩድ። ግን እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ አልነበራቸውም እንዴ?

ነበራቸው። ጠመንጃ ጃፓን የገባው በ1543 ከፖርቹጋሎች ጋር ነው። ፊልሙ መነሻ ያደረገው የ1877ቱ የሳትሱማ አመፅ መሪ፣ ሳይጎ ታካሞሪ፣ ራሱ የአዲሱ የጃፓን ጦር ጄኔራል ነበር። አመፁ የተቀጣጠለው እኮ ተከታዮቹ ካጎሺማ ያለውን የመንግሥት ጥይት ሲዘርፉ ነው። ጠመንጃ የናቀ ሰው ጥይት ምን ያደርግለታል?

ታዲያ ለምን ተሸነፉ? አንዱ ምክንያት የጠመንጃው ዓይነት ነው። ብዙዎቹ የያዙት ከአፈሙዙ የሚጎርስ ኤንፊልድ ነበር። ባሩዱ በወረቀት የተጠቀለለ ስለሆነ ዝናብ ያበላሸዋል፤ ጎበዝ ተኳሽም ቢሆን በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ነው የሚተኩስበት። የመንግሥት ወታደሮች ግን ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ነበራቸው፤ በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ይተኮሳል። አያቶቻችን «ስናድር» የሚሉት፣ እንግሊዞች በ1868 እሮጌ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ጦር የመቱበት ጠመንጃ ነው።

እስቲ እናስላው። ጎራዴ የያዘ ሰው 50 ሜትር ለመሮጥ 10 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ኤንፊልድ የያዘው ወታደር አንዴ ከሳተ፣ እንደገና እስኪያጎርስ 20 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ባለጎራዴው ደርሶበታል ማለት ነው። ስናይደር የያዘው ግን ሌላ ጥይት ይደግማል። 100 ሰው በሰልፍ ከቆመ ደግሞ 100 ጥይት ነው። ስለዚህ ጎራዴ የሚሠራው ርቀቱ ሲያጥር ነው፦ በጨለማ፣ በዝናብ፣ በጠባብ መንገድ።

መጋቢት 1877 ታባሩዛካ በተባለው ዳገት ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የሳትሱማ ባለጎራዴዎች ድንገት እየገቡ ምልምሎቹን ሲያስጨንቁ፣ መንግሥት ከፖሊሶች መካከል የቀድሞ ሳሙራዮችን መርጦ የራሱን የጎራዴ ቡድን አቋቋመ። «ዘመናዊው» ወገንም ጎራዴ መዘዘ!

ጠመንጃን በእምነት የተጸየፉ ሰዎችስ? እነሱም ነበሩ። ኩማሞቶ ውስጥ ሺምፑሬን የሚባል ማኅበር ነበር። አባላቱ በቴሌግራፍ ሽቦ ሥር ሲያልፉ እንዳይረክሱ ራሳቸውን በማራገቢያ ይሸፍኑ ነበር ይባላል። በአምልኮ ሥርዓት የአማልክቱን ፈቃድ ጠይቀው፣ ጥቅምት 1876 ከ200 የማይበልጡ ሆነው በሌሊት የጦር ሰፈሩን በጎራዴ አጠቁ። መጀመሪያ ቀናቸው፤ የጦር ሰፈሩን አዛዥም ገደሉ። ወታደሩ ከድንጋጤው ነቅቶ መተኮስ ሲጀምር ግን ነገሩ አበቃ። ጨለማው ያሳጠረውን ርቀት ጥይቱ መልሶ አረዘመው።

ሳይጎ መስከረም 24 ቀን 1877 ሺሮያማ ኮረብታ ላይ ሲሞት አብረውት የቀሩት ጥቂት መቶዎች ነበሩ፤ የከበቧቸው ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ። ያን ጊዜ በጎራዴ መውረዳቸው እውነት ነው። ግን ጠመንጃን ንቀው አይደለም፤ ስንቅና ጥይት አልቆባቸው ነው።

ፊልሙ ይህን ሲተወው ሰዎቹን የሚያከብራቸው ይመስላል፤ ግን ያሳንሳቸዋል። ከዘመናቸው ጋር የተፋለሙ የዋሆች አልነበሩም። ዘመኑን አውቀው የገቡበት፣ በአቅርቦት የተበለጡ ተዋጊዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ጎራዴ ከጠመንጃ ጋር የሚገጥምበት ፊልም ስታዩ፣ ርቀቱ ስንት እንደሆነና ጥይቱን ማን እንደሚያቀርብ ጠይቁ።