ከሆስፒታል አልጋ እስከ ሰመር ካምፕ

ሴሊያክ፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም፣ ላለበት ልጄ ሰመር ካምፕ ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ወጥ ቤቱ ነው፤ የዋናውና የፈረስ ግልቢያው ነገር ይቆየኝ። እዚህ ቨርጂንያ ያሉ ጓደኞቼ ጥያቄዬ ይበዛባቸዋል። እኔ ግን ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች በምን ዘመን አልፈው እዚህ እንደ ደረሱ ካነበብኩ ወዲህ መጠየቅ አያሳፍረኝም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ስለ በሽታው ሲጽፍ መድኃኒቱ ያለው ምግብ ላይ መሆኑ ገብቶት ነበር፤ የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። መስል የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ በየቀኑ አንድ ሊትር ያህል ይበላ የነበረ አንድ ሕፃን አማረበት፤ ወቅቱ አልፎ መስሉ ሲጠፋ ታመመ። በ1924 ደግሞ አሜሪካዊው ሲድኒ ሃስ ዳቦና እህል ከልክሎ ሙዝ አዘዘ። ልጆቹ አገገሙ፤ እሱም ምስጋናውን ለሙዙ ሰጠ። ያዳናቸው የዳቦው መቅረት ነበር። ድናችኋል ተብለው ወደ ስንዴ የተመለሱትን ሳስብ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ነገሩን የፈታው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። ሄግ ከተማ የዩልያና ሕፃናት ሆስፒታል ኃላፊ ሳለ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና 45 ክረምት ጀርመኖች የምግብ መንገድ ዘግተው ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ሲደርስ፣ ዳቦ ያጡት የሴሊያክ ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲከ በዚህ ብቻ አልረካም። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የልጆቹን ሰገራ እያስመረመረ፣ ስንዴ ሲበሉ ምን ያህል ስብ ሳይዋሃዳቸው እንደሚወጣ አስለካ። በ1950 ለኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ይህንኑ ይዟል። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ልኬት ነው፤ ጥፋቱ የስንዴው እንጂ የልጁም የእናቲቱም አለመሆኑን በማስረጃ አሳይቷልና።

ወደ ካምፑ ነገር ስመለስ፣ የስኳር ሕመም ላለባቸው ልጆች ካምፕ ማዘጋጀት ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ክላራ ባርተን የሚባለው የልጃገረዶች ካምፕ የተከፈተው በ1932 ነው። የሴሊያክ ካምፖች የመጡት ብዙ ቆይቶ ነው። ሮድ አይላንድ ውስጥ ካምፕ ሴሊያክ የሚባል አለ። የእንዲህ ያለው ካምፕ ትልቁ ጸጋ ልጁ የራሱን ምሳ ሳይቋጥር ከሁሉም ጋር ተሰልፎ መብላቱ ነው።

ተራ ካምፕ ከሆነ ግን እጠይቃለሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ባወጣው ደንብ፣ «ግሉተን የለውም» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ውስጥ ግሉተኑ ከሚሊዮን 20 እጅ በታች መሆን አለበት። ደንቡ የሚናገረው ማሸጊያው ላይ ስለሚጻፈው ነው። የሁሉም ዳቦ የሚጠበስበትን ቶስተር፣ ፓስታ የሚጠለልበትን ወንፊት፣ ፒዛ ሲዳመጥ የሚቦንነውን ዱቄት የሚቆጣጠረው ወጥ ቤቱ ነው።

የእኛ ሰዎች በሚያዘጋጁት የልጆች ፕሮግራም ላይም ያው ነኝ። «እንጀራ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» ይሉኛል። ጤፍ በእርግጥ ሴሊያክ ያለበትን አይጎዳም። ነገር ግን እዚህ ሀገር ስንዴ ወይም ገብስ ያልተቀላቀለበት እንጀራ ሁልጊዜ አይገኝም። ሊጡ ንጹሕ ጤፍ ቢሆን እንኳ እርሾው ካለፈው ቅይጥ ቡሖ የተረፈ ከሆነ ገብሱ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ጋጋሪዋን ፈልጌ እርሾውን ከየት እንዳመጣችው እጠይቃታለሁ።