የዴንማርክ የነፋስ ተርባይን ኢንዱስትሪ

ዴንማርክ ከነዳጅ ጥገኝነት ወጥታ የነፋስ ተርባይን ላኪ የሆነችበት ለውጥ። መነሻው በ1973 እ.ኤ.አ. የተከሰተው የነዳጅ ቀውስ ነው፤ ያኔ የአገሪቱ የኃይል ፍጆታ 90 በመቶ ያህሉ ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ዘይት የተሸፈነ ነበር።

ቀዳሚዎቹ የተርባይን ሠሪዎች አናጺዎች፣ ብረት ቀጥቃጮችና የእርሻ መሣሪያ አምራቾች ነበሩ። የእርሻ ጋሪና ክሬን ይሠራ የነበረው ቬስታስ ተርባይን መሸጥ የጀመረው በ1979 ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት ተርባይን ለሚተክሉ ከወጪው 30 በመቶ መደጎም ጀመረ፤ ድጎማው ግን በሪሶ የሙከራ ጣቢያ ተፈትሾ ላለፈ ማሽን ብቻ ነበር። ይህ ቅድመ ሁኔታ ከገንዘቡ ባልተናነሰ ለውጤቱ ምስጋና ይገባዋል፤ ጥራቱ የተመሰከረለት ተርባይን በ1980ዎቹ የካሊፎርኒያን ገበያ ሰብሮ ገባ።

የካሊፎርኒያ የግብር ማበረታቻ ሲነሳ ግን ገበያው ወደቀ፤ ቬስታስም በ1986 ዕዳውን መክፈል አቃተው።

ኢንዱስትሪው ግን በዚህ አልቆመም፤ በ1991 በዴንማርክ፣ ቪንደቢ በተባለ ስፍራ 11 ተርባይኖች ባሕር ላይ ተተከሉ፤ በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ነው።