ቺፑ ሲገለበጥ

ባለፈው ክረምት ስክሪኑ አልበራ ያለኝን ላፕቶፕ ይዤ መገናኛ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት ገባሁ። ጠጋኙ ልጅ ማዘርቦርዱን አወጣ፤ አንዱን ቺፕ በሙቅ አየር አላቅቆ ገለበጠና ከማጉያው ሥር አስቀመጠልኝ። «ይኸው ጋሼ፣ ይዩት» አለ። ጤፍ የሚያካክሉ የብየዳ ኳሶች፣ ገሚሶቹ ተጨፍልቀው፣ በመቶዎች ተሰልፈዋል። «አንዷ ከተሰነጠቀች በቃ፤ መድኃኒቱ ሪቦል ነው፤ ኳሶቹን በአዲስ መተካት።»

አሥራ ሁለት ዓመት ኮድ እየጻፍሁ እንጀራ በልቻለሁ፤ ቺፕን ከሥሩ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ለእኛ ለሶፍትዌር ሰዎች ርቀት የሚባል ነገር የለም። የሚሞሪ አድራሻ ቁጥር ነው፤ ሁለት ቁጥሮች ጎረቤት ይሁኑ ባዳ ኮዱ ግድ የለውም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የማነበውን የቺፕ አቀማመጥና እሸጋ ታሪክ ግን ከዳር እስከ ዳር የርቀት ታሪክ ሆኖ አገኘሁት፦ ምን ከምን አጠገብ ይቀመጥ፣ ሽቦው በየት በኩል ይዙር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።)

የመጀመሪያው ችግርም ሽቦ ነበር። ጃክ ኪልቢ በሴፕቴምበር 1958 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ ከጀርማኒየም ስንጣሪ ሰርኪዩት ሠርቶ አሳየ። ክፍሎቹ የተያያዙት በአየር ላይ በተንጠለጠሉ ቀጫጭን የወርቅ ሽቦዎች ነው። ሠርቷል፤ ነገር ግን በእጅ የሚቀጠል ሽቦ ለጥቂት ክፍሎች እንጂ ለሺህ አይሆንም። በዓመቱ የፌርቻይልድ ኩባንያው ሮበርት ኖይስ፣ ባልደረባው ዣን ኸርኒ የፈለሰፈውን ጠፍጣፋ የአሠራር ዘዴ መሠረት አድርጎ፣ ሽቦውን ራሱን ሲሊከኑ ላይ የማተም መላ አመጣ። ቺፕ መንደፍ ካርታ እንደ መሣል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ካርታው ለረጅም ጊዜ የተሠራው በእጅ ነው። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2300 ገደማ ትራንዚስተሮች ነበሩት። ንድፉ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀይ ፕላስቲክ በስለት እየተቆረጠና እየተላጠ ከተሠራ በኋላ ነው በፎቶግራፍ እንዲያንስ የተደረገው። ነዳፊው ፌዴሪኮ ፋጂን የስሙን ሁለት ፊደላት ከዳር ጣል አድርጎበታል። እኔን የገረመኝ ግን ማሸጊያው ነው። ኩባንያው የያዘው ባለ16 እግር ማሸጊያ ስለነበር ለአድራሻ የሚበቃ እግር አልተረፈም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ባለ12 ቢቱን አድራሻ ሦስት ቦታ ቆርሶ፣ በ4 ሽቦዎች በየተራ ይልከዋል። የዘመኑ ፕሮግራመር ያባከነው ጊዜ የእግር እጥረት ዋጋ ነበር ማለት ነው።

በግራና በቀኝ እግር ያሰለፈውን ያን ጥቁር ማሸጊያ ፌርቻይልድ ያስተዋወቀው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከእግር እስከ እግር 2.54 ሚሊ ሜትር። ውስጡ ያለውን ሲሊከን ከእግሮቹ ጋር በቀጭን ሽቦ የሚያገናኙት ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሱ ሠራተኞች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ ነበሩ፤ በሆንግ ኮንግ፣ ከ1972 ጀምሮ በፔናንግ፣ እንዲሁም በኒው ሜክሲኮ ሺፕሮክ፣ በናቫሆዎች ምድር። ፌርቻይልድ በ1969 ባሳተመው ብሮሹር የናቫሆን ሽመና ከቺፕ ንድፍ ጋር አመሳስሎ አወድሷል። ውዳሴው ያምራል፤ ፋብሪካውን ወደዚያ የሳበው ግን ርካሽ ጉልበት እንጂ የጥበብ ፍቅር አይመስለኝም። በ1975 ተዘጋ።

ማሸጊያ ልብስ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ኢንቴል ውስጥ የታየውና በ1978 ይፋ የሆነው ነገር ይበቃዋል። የሚሞሪ ቺፖች ያለ ምክንያት ቢት ይገለብጡ ጀመር። ቺፑ ሲፈተሽ ጤነኛ ነው፤ እንደገና ሲጽፉበት በትክክል ይይዛል። የእኔ ሙያ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነቱን ስህተት ያውቀዋል፤ ሲፈልጉት ይሰወራል፣ ሲተዉት ይመጣል። የኩባንያው ሰዎች ቲሞቲ ሜይና መሪ ውድስ ያገኙት መልስ ከኮድም ከሰርኪዩትም ውጪ ነበር፦ በማሸጊያው ሴራሚክ ውስጥ የነበረ ኢምንት ዩራኒየምና ቶሪየም። ከዚያ የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶች ሲሊከኑን ሲመቱ የሚፈጥሩት ቻርጅ፣ የሚሞሪ ክፍሎቹ እያነሱ ስለሄዱ፣ አንድን ቢት ለመገልበጥ በቅቷል። ቤቱ ነዋሪውን እየመረዘ ነበር።

ይህን ሁሉ እንደ ባዕድ አገር ታሪክ እያነበብሁ ሳለ የማውቃቸው ስሞች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1959 ባሳተማት አጭር ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ሁለት ችግሮች አንዱን ያነሣው ኤክስ1 የተባለው ኮምፒውተር የጀርባ ሰሌዳ ላይ የሚዘረጋውን የመዳብ ሽቦ ለማሳጠር ነው። የሲ ቋንቋን መጽሐፍ ከዴኒስ ሪቺ ጋር የጻፈው ብራያን ከርኒሃን በ1970 ከሸን ሊን ጋር ያወጣው ዘዴ፣ ክፍሎችን በካርዶች ላይ ሲያከፋፍሉ የሚሻገረውን ሽቦ ለመቀነስ ይጠቅማል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁለቱንም «ግራፍ» ብዬ ለፈተና ሸምድጃቸዋለሁ። መዳብ እንደነበረበት ማን ነገረኝ?

የቺፕ ንድፍን በር ለእኛ ለሶፍትዌር ሰዎች ወለል አድርገው የከፈቱት ግን ተመራማሪዎቹ ካርቨር ሚድና ሊን ኮንዌይ ናቸው። የፋብሪካውን ውስብስብ ሕግ ወደ ጥቂት ቀላል መለኪያዎች አወረዱት። ኮንዌይ በ1978 ኤምአይቲ ላይ ባስተማረችው ኮርስ የተማረው ጋይ ስቲል፣ ሙያው የፕሮግራም ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ የሚያስኬድ ፕሮሰሰር ነደፈ። በ1979 ደግሞ 124 ሰዎች የነደፏቸው 82 ሥራዎች የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ተልከው አብረው ተመረቱ፤ የማስረከቢያው ቀን ካለፈ በ29 ቀን ቺፖቹ ተዘጋጁ። ቀጥሎ በርክሌይ ላይ ጆን ኡስተርሃውት ማጂክ የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር ሠራ። ለእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች መጠቅለያ ብሎ የፈጠረው ቲሲኤል የተባለው ቋንቋ ዛሬም የቺፕ ነዳፊዎች የዕለት እንጀራ ነው። አስቀያሚ ቋንቋ ነው፤ ግን አልሞት አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በቶሎ ልለፈው፤ ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር ሁሉም ሰው ደስተኛ ነበርና። ርቀት ተመልሶ ፊት ለፊት የመጣው ቺፖች ሊያድጉ የሚችሉበት ጣሪያ ላይ ሲደርሱ ነው። የዛሬው የማተሚያ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያትመው ቢበዛ 26 በ33 ሚሊ ሜትር ነው። ኤኤምዲ በ2017 ባለ32 ኮር ፕሮሰሰሩን አራት ቁራጭ ሲሊከን በአንድ ማሸጊያ አጎራብቶ ሠራው። ሚሞሪው ለአራቱ ቁራጮች ተከፋፍሏል፤ ከራስ ቁራጭ ማንበብና ከጎረቤት ማንበብ እኩል ጊዜ አይወስድም። አድራሻ ተራ ቁጥር መሆኑ እዚህ ላይ ያከትማል። ጎርደን ሙር በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች በፍጥነት እየበዙ እንደሚሄዱ የሚለውን ዝነኛ ትንበያውን ባወጣበት በዚያው የ1965 ጽሑፍ፣ ትልቅን ሥርዓት ለየብቻ ከታሸጉ ትንንሽ ክፍሎች መገጣጠሙ ሊያዋጣ እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። ትንበያውን ሁሉም ያውቃል፤ ያቺን ሐሳብ ያስታወሳት ግን ጥቂት ሰው ነው።

በ2020 ጉግልና ቺፕ አምራቹ ስካይወተር ባለ130 ናኖሜትር የማምረቻ ዘዴን የንድፍ ሰነዶች ለማንም ክፍት አደረጉ። እኔም ላፕቶፔ ከጥገና እንደተመለሰ ሁለት ባለ8 ቢት ቁጥሮችን የምትደምር ሰርኪዩት ጽፌ፣ ኦፕንሮድ ለተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሰጠሁት፤ ትእዛዙ በዚያው በአስቀያሚው ቲሲኤል ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አብዛኞቹ ሽቦዎች አጫጭር ናቸው። አንዱ ብቻ ከታች ግራ ጥግ ተነሥቶ ሁሉንም ዞሮ፣ ከተነሣበት ሁለት ጣት እንኳ በማይርቅ ቦታ ያርፋል፤ ጣት የምለው በስክሪኑ ልኬት ነው። ሦስት ማታ ሆነኝ፣ ለምን እንደዚያ እንደዞረ እየፈለግሁ።