ጄኔሬተሩ አለ፣ ቁልፉ የለም

ሰሞኑን ጓደኛችን ወልዳ ልንጠይቃት አንድ ሆስፒታል ሄደን ነበር። አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘን ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ መብራት ሄደ። የአዲስ አበባ ልጆች ነንና አልደነገጥንም። አንዳችን የሞባይል መብራት አበራን፣ ሌላችን «አሁን ጄኔሬተር ይነሳል» አልን። ጠበቅን። አልተነሳም። ትንሽ ቆይቶ ከታች «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ለካ የጄኔሬተሩን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሄዷል!

መብራቱ የመጣው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ጓደኛችን ደህና ናት፤ ሕፃኑማ ጨለማው ተስማምቶት ለጥ ብሎ ተኝቷል። እኛ ግን ደረጃውን ስንወርድ አንድ ጥያቄ ተከተለን። በዚያች ሩብ ሰዓት በማሽን የሚተነፍስ ሰው ቢኖርስ?

ጥያቄው አልለቀን ሲል ታሪክ ማገላበጥ ጀመርንና መጀመሪያ የደረስነው ኒው ዮርክ ሆነ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1965 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ናያጋራ አጠገብ ባለ ማመንጫ ውስጥ አንዲት መከላከያ ሪሌይ መስመሩን ቆረጠች። ጥፋቷ ከሚገባው ባነሰ ጭነት እንድትቆርጥ ተደርጋ መስተካከሏ ነው። ከዚያ አንዱ መስመር ሌላውን እየጎተተ 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ጨለማ ዋጠው፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 13 ሰዓት ድረስ። ለካ መብራት የሚሄደው የእኛ አገር ብቻ አይደለም!

ከ12 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 13 ቀን 1977 ምሽት፣ መብረቅ መስመሮችን መትቶ ኒው ዮርክ ዳግመኛ ጨለመች። ይህን ጊዜ በቤልቪው ሆስፒታል መጠባበቂያው ጄኔሬተር ነበር፤ ግን ከዳ። ሐኪሞችና ነርሶች በማሽን ይተነፍሱ የነበሩትን ሕሙማን በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት ማስተንፈስ ያዙ። ቤልቪው ታሪኩን ከ1736 የሚቆጥር፣ በአሜሪካ ቀደምት የሚባል የሕዝብ ሆስፒታል ነው። ስሙን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

አሜሪካኖቹ ለሆስፒታል መጠባበቂያ ኃይል ያላቸው ደንብ ሲነበብ ደረቅ ነው። ለሕይወት አስጊ የሆኑት መስመሮች መብራት በሄደ በ10 ሰከንድ ውስጥ ወደ ጄኔሬተር መዞር አለባቸው። ማዞሩን የሚሠራው ቼንጅ ኦቨሩ ራሱ እንጂ ቁልፍ ያዥ አይደለም። ጄኔሬተሩ ደግሞ በየወሩ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይፈተናል። ፈተናው ባዶውን ማስጮህ እንዳይሆን ከአቅሙ ቢያንስ 30 በመቶ ጭነት ይሸከማል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ግን በሆነ ኮሪደር ውስጥ በጨለማ የጠበቀ ሰው ያለ ይመስለናል።

ደንብ ስላለ ችግሩ አለቀ? አላለቀም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ የሜሞሪያል ሆስፒታል ጄኔሬተሮች ተነስተው ነበር። ነገር ግን የመጠባበቂያው ሥርዓት ክፍሎች ጎርፍ በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነበሩና ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ሁሉም ጸጥ አለ። በኋላ ከሆስፒታሉ 45 አስከሬን ወጣ። እዚያ ምን እንደተፈጠረ ለዓመታት ቆፍራ ያወጣችው ሐኪምም ጋዜጠኛም የሆነችው ሼሪ ፊንክ ናት፤ በ2010 ፑሊትዘር ተሸለመችበት። ጋዜጠኝነት ተማርን ለምንል ለእኛ ይህ የቤት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቤልቪው እንመለስ። ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን መታ። ቤልቪው ከጎርፍ ለመሸሽ ጄኔሬተሮቹን 13ኛ ፎቅ ሰቅሏቸዋል። ብልህ ሐሳብ! ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ግን የቀረው ምድር ቤት ነበር፤ ውኃ በላው። ሠራተኞችና የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በደረጃው ላይ ተሰልፈው ነዳጁን እየተቀባበሉ እስከ 13ኛ ፎቅ አደረሱት። እንደኛ ደቦ ማለት ነው። በዚያው ሌሊት በጎረቤቱ በኤንዋይዩ ላንጎን ሆስፒታል ነርሶች 20 ጨቅላ ሕፃናትን ታቅፈው በጨለማ ደረጃ አወረዱ።

ልብ በሉ፣ በሦስቱም ሆስፒታሎች ጄኔሬተር ነበር። በሁለቱ ሥርዓቱን የጣለው ማንም ልብ ያላለው ክፍል ነው፤ በአንዱ ማዞሪያው፣ በሌላው ፓምፑ። በእኛው ሆስፒታል ደግሞ ቁልፉ። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ጄኔሬተር አለ ወይ?» ሳይሆን «ማን ዘረጋው? ማን መረመረው?» ነው።

ይህን ጥያቄ ቀድመው ከጠየቁት መካከል እንግሊዞች አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1956 የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተቋራጮችን የሚመረምር ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራውን በየጊዜው በገለልተኛ መርማሪ የማያስመረምር ተቋራጭ «የጸደቀ» የሚለውን ስም አያገኝም።

የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። እነሱ የሠራተኛውን እጅ መመርመር ሲጀምሩ እኛ ገና መብራቱን ለማዳረስ መሥሪያ ቤት እየከፈትን ነበር። አይፈረድብንም፤ መጀመሪያ የሚመረመር መብራት ያስፈልጋል። ለኤሌክትሪክ ተቋራጮች የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የመስጠቱ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 86/1989 ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ተሰጠ። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የኢነርጂ አዋጅ ሥራው ወደ ኢነርጂ ባለሥልጣን ዞረ፤ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የምንለው ነው። ስለዚህ «እኛ አገር ሕግ የለም» የሚለው የተለመደ ዘፈናችን እዚህ ላይ አያስኬድም። ሕጉ አለ። የሚቀረው ሆስፒታሉ ጨረታ ሲያወጣ ያንን ወረቀት በርካሽ ዋጋ አለመለወጡ፣ ከዝርጋታው በኋላም በየወሩ የሚፈትን ሰው መመደቡ ነው።

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን ልጆች ነበርን፤ የቤት ሥራ በሻማ ሠርተናል። ያኔ የሁላችንም መልስ «ግድብ ሲያልቅ» ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ከጉባ የተነሳው ኃይል ሆስፒታሉ በር ድረስ ቢመጣም ከበሩ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ያለችውን የመጨረሻ መንገድ የሚሠራት ግድቡ አይደለም። አንድ ኤሌክትሪሺያን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ከአጋሮቻቸው ጋር በጃንዋሪ 2023 ባወጡት ሪፖርት መሠረት ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በግማሾቹ የጤና ተቋማት መብራቱ አስተማማኝ አይደለም። ግማሽ! የጓደኛችን ልጅ የተወለደው በዚያኛው ግማሽ ውስጥ መሆኑን በጆሯችን ሰምተናል፦ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ሆስፒታል ስትሄዱ መብራት ከሄደ መቁጠር ጀምሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… 10 ላይ ካልመጣ ጠይቁ። እኛ በዚያ ምሽት ሳንጠይቅ መውጣታችን እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

መብራት አይጥፋባችሁ!