አስከሬናቸው ያልተመለሰ አባቶቻችን

በማኅበራችን ውስጥ አባታችን ወታደር የነበሩ አባላት ጥቂት አይደለንም። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ የብዙዎቻችን ቤት ታሪክ የሚጀምረው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣበት በ1975 ዓ.ም. ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ስድስት ወር ሠልጥነው ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ ታዘዘ። ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ ኮታ መሙላት ነበረባቸው። ሁለት ዓመት የተባለው ግን ለብዙዎቹ ሁለት ዓመት ሆኖ አልቀረም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበተነ። የተረፉት ተመልሰው አገቡ፣ ወለዱን። ስላልተመለሱት የሚጠየቅ ቢሮ አልነበረም፤ የተሸነፈ ሠራዊት ሟችን ስም ደፍሮ የሚያነሳም ብዙ አልነበረም።

ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ሲነሳ፣ መንግሥት ከተበተኑት መካከል ልምድ ያላቸውን መልሶ ጠራ። በአንዱ ጦርነት የተረፈ አባት ከሁለተኛው ያልተመለሰበት ቤት ያለው ለዚህ ነው። እኛ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ መጠየቅ የእኛ የልጆች ሥራ ነበር።

በአገራችን ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ተለቅሶ እርም ይወጣል። አስከሬን ከሌለ እርሙ በምን ይውጣ? መርዶ ከሰሙ በኋላ እንኳ፣ በያሆዴና በመስቀል ሰሞን፣ ሩቅ የሄደ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እናቶቻችን በር በሩን ሲያዩ ይውሉ ነበር። እኛም ጎረቤት ቤት አባት ሲገባ እንሰማለን፤ ምንም አንልም።

ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች ስለሆንን ቁጥሩንም ማለፍ አይሆንልንም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ወታደሮችንም ይጨምር ነበር። በእርሱ መሠረት ከሟቹ አበል ለሚስት 50 በመቶ፣ 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይታሰብ ነበር። ሚስቲቱ 45 ዓመት ሳይሞላት ሌላ ብታገባ የእርሷ ድርሻ ይቆም ነበር። (ይህን አንቀጽ የጻፈ ሰው ሦስት ልጅ ብቻውን አሳድጎ አያውቅም እንላለን።) አበሉን ለማግኘት ማስረጃ ይጠየቃል፤ በገጠራችን ግን ጋብቻ በሽማግሌ እንጂ በወረቀት አልነበረም። ከእናቶቻችን አንዷ ያጋቧቸውን ሽማግሌዎች ይዘው ፍርድ ቤት ቆመው አስመስክረዋል። ከአባታችን ስም ጎን የእርሳቸው ስም የተጻፈበት ሌላ ወረቀት ስለሌለ፣ ልጆቹ አድገው ድርሻቸው ከቆመም በኋላ ያንን ውሳኔ በፌስታል ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ያስቀምጡታል።