ላፕቶፕ፦ አሁን መግዛት ይሻላል ወይስ መጠበቅ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም. (እ.አ.አ. ኦክቶበር 14/2025) አቁሟል። ኮምፒውተሮቹ በማግስቱም ተከፍተዋል፤ ጽሑፍ ይጻፍባቸዋል፤ ኢንተርኔትም ያስገባሉ። ነገር ግን የቆየ ላፕቶፕ ያላቸው ተማሪዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ተርጓሚዎችና ባለሱቆች ሲያሳድሩት የኖሩት ጥያቄ በአንድ ጊዜ አስቸኳይ ሆኗል። አሁን አዲስ ይገዛ ወይስ ይጠበቅ?

ጥያቄው በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ከሌላው ዓለም ይከብዳል። ላፕቶፕ ለብዙ ቤተሰብ የወራት ደመወዝ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። ዋጋው በዶላር ተተምኖ የሚመጣ በመሆኑም የገዢው ዕጣ በአምራቹ ብቻ ሳይሆን በምንዛሪውም ይወሰናል። ስለዚህ ውሳኔው ከማስታወቂያ ይልቅ በእጅ ያለውን ማሽን፣ ገበያውንና የገዢውን ሥራ በመመዘን ቢጀመር ይመረጣል።

ማሽኑ ያቃተው ምንድን ነው?

“ኮምፒውተሬ አርጅቷል” የሚለው አባባል ብዙ የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ብቻ አዲስ ላፕቶፕ መግዛትን ይጠይቃሉ።

ለመክፈት ደቂቃዎች የሚወስድ፣ ፋይል ሲፈለግበት የሚንተባተብ አሮጌ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ መረጃ የሚያስቀምጠው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካ የሚታየው የፍጥነት ልዩነት ከማንኛውም ሌላ ጥገና ይበልጣል፤ ወጪውም ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ብዙ ገጾችና ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ የሚደነዝዝ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የራም ማነስ ሊሆን ይችላል። በ4 ጊጋባይት ራም የሚሠራ ማሽን ወደ 8 ከፍ ሲል ለቢሮ ሥራ እንደገና ይበቃል።

ቻርጀር ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ላፕቶፕ ባትሪው አልቋል ማለት ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪ በአገልግሎትም በዕድሜም ይዳከማል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ሆኖም ባትሪ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ይለወጣል። የሚሞቅና የሚጮህ ማሽንም ማራገቢያው በአቧራ ስለታፈነ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥገና የማያዋጣበት ጊዜም አለ። ማዘርቦርዱ የተቃጠለ፣ ማጠፊያው ከእነ አካሉ የተሰበረ ወይም ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ የጥገናው ዋጋ ከራሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች፣ የአፕል ማክቡኮችን ጨምሮ፣ ራማቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ ሊጨመርበት አይችልም። እንዲህ ያለውን ማሽን የሚገዛ ሰው የወደፊት ፍላጎቱን በመጀመሪያው ቀን መገመት ይኖርበታል።

የዊንዶውስ 10 ማብቃት ምን ያስገድዳል?

የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር ጊዜ ባለፈ ቁጥር ለመረጃ ጠላፊዎች እየተጋለጠ ይሄዳል። አዲስ የሚገኙ ቀዳዳዎች ስለማይደፈኑ የባንክ ሒሳብ የሚንቀሳቀስበት ወይም የደንበኞች መረጃ የሚቀመጥበት ማሽን ከሁሉ ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በጥቅሉ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በፊት የተሠሩ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም፤ ይህ ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው ከ2017 ጀምሮ ነው። የማይክሮሶፍት ‘ፒሲ ሄልዝ ቼክ’ የተሰኘ ነጻ ፕሮግራም አንድ ማሽን መስፈርቱን ማሟላቱን ይናገራል። ካሟላ ማሻሻያው ክፍያ አይጠየቅበትም፤ አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛትም ዊንዶውስ ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ለማያሟሉት ማይክሮሶፍት የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ጊዜ አዘጋጅቷል። ይህ ጊዜ ለግል ተጠቃሚዎች የሚያበቃው እ.አ.አ. ኦክቶበር 13/2026 ነው። ክፍያው 30 ዶላር ሲሆን፣ የኮምፒውተራቸውን ቅንብር በማይክሮሶፍት አካውንት ለሚያስቀምጡ ግን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ይህ መፍትሔ ሳይሆን ገንዘብ ለማጠራቀም የተገኘ ፋታ ነው።

ሦስተኛው መንገድ እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት መጫን ነው። ኢንተርኔት ለሚጠቀም፣ ለሚጽፍና ለሚያነብ ሰው አሮጌ ማሽንን ለዓመታት ያቆያል። ነገር ግን ሥራው በዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ የታሰረ ሰው ይህን ከማድረጉ በፊት ሊጠነቀቅ ይገባል። በኢትዮጵያ የሒሳብ ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት የታወቀው ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

“የተሻለ ይመጣል” የሚለው ምክንያት

መጠበቅን የሚደግፉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ምክንያት ቀጣዩ ሞዴል የተሻለ ይሆናል የሚል ነው። ሐሳቡ መሠረት አለው። ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ የሆኑት ጎርደን ሙር በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩ ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ተነበዩ፤ በ1975 ደግሞ ጊዜውን ወደ ሁለት ዓመት አስተካከሉት። በ1990ዎቹ ሁለት ዓመት የታገሠ ገዢ በተመሳሳይ ገንዘብ እጅግ የፈጠነ ኮምፒውተር ያገኝ ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በአንድ ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት ላፕቶፖች ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሰንጠረዥና ለቪዲዮ ስብሰባ የሚሰጡት አገልግሎት ያን ያህል አይራራቅም። አፕል በኖቬምበር 2020 በራሱ ኤም1 ቺፕ የሚሠሩ ማሽኖችን ሲያወጣ የታየው ዓይነት ዝላይ አልፎ አልፎ ቢያጋጥምም በየዓመቱ የሚጠበቅ አይደለም። ልዩነቱ የሚሰማው ቪዲዮ ለሚያቀናብሩ፣ ሕንፃ ለሚነድፉና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በራሳቸው ማሽን ላይ ለሚያሠሩ ሰዎች ነው።

አዲስ ሞዴል መውጣቱ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ የቀደመው ሞዴል ዋጋ ይቀንሳል። በርካታ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችና ላፕቶፖች የሚተዋወቁት በጃንዋሪ ላስ ቬጋስ ውስጥ በሚካሄደው የሲኢኤስ ዐውደ ርዕይና በዓመቱ አጋማሽ ታይፔ ውስጥ በሚደረገው ኮምፒውቴክስ ነው። በአሜሪካ ትልልቅ ቅናሾች የሚታዩት ትምህርት ሊከፈት ሲልና በኖቬምበር መጨረሻ ነው። ዘመድ ከውጭ የሚልክለት ገዢ እነዚህን ወራት መጠበቁ ሊያዋጣው ይችላል።

ዋጋ ሁልጊዜ አይወርድም

ኮምፒውተር ከዓመት ዓመት ይረክሳል የሚለው እምነት ሁለት ጊዜ በግልጽ ተፈትኗል። በ2011 መጨረሻ በታይላንድ የደረሰው ጎርፍ የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎችን አጥለቅልቆ በመላው ዓለም ዋጋው እንዲንር አደረገ። ይረክሳል ብለው የጠበቁ ገዢዎች ጨምረው ለመክፈል ተገደዱ።

ሁለተኛው በ2025 የታየው ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ የዳታ ማዕከላት እጅግ ብዙ የማስታወሻ ቺፕ ስለሚፈልጉ በዓመቱ መጨረሻ የራም ዋጋ በፍጥነት አሻቅቧል። አብዛኛውን የዓለም የራም ቺፕ የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ሸማቾች ራምና ኤስኤስዲ ከሚሸጥበት ንግድ እንደሚወጣ አስታውቋል። አዲስ የቺፕ ፋብሪካ ለመገንባት ዓመታት ስለሚፈጅ እንዲህ ያለው እጥረት በአንድ ወቅት አይቃለልም። ራም ለመጨመር ወይም ኤስኤስዲ ለመቀየር ያሰበ ሰው በዚህ ገበያ መዘግየቱ ያስከፍለዋል።

በዶላር የሚገዛ ዕቃ፣ በብርና በሽልንግ የሚከፈል ዋጋ

በአካባቢው ከቺፕ ገበያው የበለጠ ውሳኔውን የሚያናውጠው ምንዛሪ ነው። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. ገበያ መር የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ስትጀምር አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 2024 ከማለቁ በፊት ከ120 ብር በላይ ሆነ። በባንክ ምንዛሪ ቢሰላ 500 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ ከ28 ሺህ 500 ብር ወደ 60 ሺህ ብር ከፍ ብሏል ማለት ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች አስቀድመውም በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ይተምኑ ስለነበር የሱቅ ዋጋ የግድ በዚያው ልክ አይዘልም። ቢሆንም ገንዘቡን በብር ይዞ የጠበቀ ሰው የመግዛት አቅሙ ሲሸረሸር ተመልክቷል።

በኬንያ በዚያው ዓመት የሆነው ተቃራኒው ነው። በጃንዋሪ 2024 አንድ ዶላር ወደ 160 ሽልንግ ደርሶ ነበር። አገሪቱ በፌብሩዋሪ አዲስ ዓለም አቀፍ ቦንድ ሸጣ የዕዳ ስጋቷን ካቃለለች በኋላ ሽልንግ ተጠናክሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 130 ተመለሰ። ያው 500 ዶላር በመጀመሪያ 80 ሺህ፣ በኋላ 65 ሺህ ሽልንግ ሆነ። ናይሮቢ ውስጥ የታገሠ አተረፈ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የታገሠ ከሰረ።

ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ምንዛሪን መተንበይ ይቻላል የሚል አይደለም። ገቢው በአገር ውስጥ ገንዘብ የሆነ ሰው መጠበቅን እንደ ነጻ ነገር ሊቆጥረው አይገባም። በሪያል፣ በድርሃም ወይም በዶላር የሚከፈለው ዘመድ ግን ይህ ስጋት አይነካውም፤ እርሱ ቅናሽ መጠበቅ ይችላል።

ያገለገለና ከውጭ የሚመጣ

በአውሮፓና በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ለጥቂት ዓመታት ያገለገሉ ላፕቶፖች በዱባይና በሌሎች የንግድ ከተሞች በኩል ወደ አካባቢው ይገባሉ። ለቢሮ የተሠሩ ስለሆኑ ብዙዎቹ ጠንካራ ናቸው፤ መለዋወጫቸውም ከርካሽ አዳዲስ ሞዴሎች ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። በተመሳሳይ ዋጋ ደካማ አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት ጥሩ ያገለገለ መግዛት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከመክፈል በፊት መፈተሽ ግድ ነው። ባትሪው ሲሠራ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን የኃይል መጠን ማወዳደር፣ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች መሞከር፣ የዊንዶውስ 11 መስፈርትን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ማሽኑ በባዮስ የይለፍ ቃል፣ በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ቁጥጥር ወይም በአፕል አካውንት አለመቆለፉ መታየት አለበት፤ የተቆለፈ ላፕቶፕ ከገዢው እጅ ሊሞት ይችላል።

ከውጭ የሚላክ አዲስ ማሽንም የራሱ ጥንቃቄ አለው። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የአሜሪካው በ220 ቮልት ይሠራል፤ ሆኖም በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። ከባሕረ ሰላጤው አገራት የሚመጣው የዐረብኛ ፊደል ያለበት ኪቦርድ ሊኖረው ይችላል። ዋስትናው ከተገዛበት አገር ውጭ ላይሠራ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ፣ የጉምሩክ ቀረጥንም በዋጋው ላይ ማሰብ ተገቢ ነው።

ሚዛኑ ወዴት ያደላል?

አሁን መግዛት የሚሻለው ማሽኑ የዕለት እንጀራን ወይም የመመረቂያ ጽሑፍን ሲያስተጓጉል ነው። በቀን አንድ ሰዓት የሚያባክን ላፕቶፕ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው በወር ከ24 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ሦስት የሥራ ቀናት ይወስድበታል። ይህ ኪሳራ ከሚጠበቀው ቅናሽ ጋር መነጻጸር አለበት። ጥገና የማይቀበል፣ ዊንዶውስ 11ን የማይጭንና የገንዘብ መረጃ የሚቀመጥበት ማሽንም ለመዘግየት ምክንያት አይሰጥም።

መጠበቅ የሚሻለው ደግሞ ማሽኑ ሥራውን የሚሠራ ሆኖ ፍላጎቱ የመጣው ከአዲስ ሞዴል ወሬ ብቻ ሲሆን፣ ኤስኤስዲ ወይም ባትሪ ችግሩን ሲፈታ፣ አለዚያም ለመግዛት በከባድ ወለድ መበደር ሲያስፈልግ ነው። ይሁን እንጂ የሚጠብቅ ሰው ቀን ቢቆርጥ ይጠቀማል። ለምሳሌ እስከ ኦክቶበር 2026 ወይም እስከ ቀጣዩ የትምህርት ዘመን ብሎ መወሰንና የሚከፍለውን ጣሪያ መጻፍ፣ መጠበቁ ወደ መዘንጋት እንዳይለወጥ ያደርጋል።

ሁለቱም ወገኖች ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሊፈጽሙት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ፋይሎቻቸውን በሌላ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ መገልበጥ። ላፕቶፕ በማንኛውም ዋጋ ይተካል፤ በውስጡ የቀረ የዓመታት ሥራና የቤተሰብ ፎቶ ግን ከየትኛውም ሱቅ አይገዛም።